ሳንባ በሚሠራበት ወራት



በዚህ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሕፃናት የያዛችሁ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ቢያለቅሱም ቢንጫጩም ይዛችኋቸው እንዳትወጡ እለምናችኋለሁ። የዛሬው ንግግር ስለ እነሱ ነው። እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ የልጆችን ደረት ማዳመጥ ነው። ስለ ፍርድና ስለ ጥፋት የምለው የለኝም። የምናገረው ስለ ሳንባና ሳንባው ውስጥ ስለሚገባው አየር ነው።

ሕፃን ሲወለድ ልቡ ያለቀለት ልብ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው እንጂ አራቱም ክፍሎቹ በየቦታቸው አሉ። ኩላሊቱም ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ ደም የሚያጣራባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች በሙሉ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድም አይጨምርም። ሳንባ ግን ሥራው ሳያልቅ የሚወለድ አካል ነው። በትንፋሽ ቧንቧዎች የመጨረሻ ጫፍ ላይ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍባቸው፣ በዓይን የማይታዩ የአየር ከረጢቶች አሉ። ሕፃኑ ሲወለድ ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ከረጢቶች ይኖሩታል። ብዙ ይመስላል፤ የአዋቂ ሳንባ ግን ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን አለው። ያ ሁሉ ልዩነት የሚሞላው ከተወለደ በኋላ ነው። አብዛኛውም የሚሞላው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት፣ ጡት በሚጠባበት፣ በሚድህበት፣ «ወፌ ቆመች» በምንልበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉርምስና ቀስ እያለ ይቀጥላል፤ የሳንባው አቅም በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ለሁላችንም በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ይቀንሳል።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ምርጊቱ ደርቆ ቢላጥ ተመልሶ ይመረጋል። ግድግዳው ሲማገር የተዘለለ ማገር ግን ቤቱን ዕድሜውን ሁሉ ያሳሳዋል። አዋቂን ጭስ ሲጎዳው ከምርጊቱ ነው የሚላጠው፤ ሕፃንን ሲጎዳው ግን ማገሩን ነው የሚያስቀረው።

አሁን ይህን ከሕጉ ጋር አያይዙልኝ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ፣ ቁጥር 138፣ የእናቱን የቅርብ እንክብካቤ የሚሻ ከ18 ወር በታች የሆነ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ፈቅዷል። የሚረከበው ዘመድ ያጣ ልጅ ከዚያም አልፎ እንደሚቆይ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት ስለ ጡትና ስለ እናት ፍቅር ነው፤ ትክክልም አስበዋል። ነገር ግን እነዚያ 18 ወራት ሳንባ ከሁሉ ጊዜ ፈጥኖ የሚሠራባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መንግሥት ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በዚህ ግቢ እንዲኖር ሲፈቅድ የሚጠጣውን ውሃና የሚበላውን ገንፎ ብቻ ሳይሆን የሚተነፍሰውን አየርም በኃላፊነት ተረክቧል።

ሕፃን ከእኛ በላይ የሚጎዳበት ሌላም ምክንያት አለ። እኛ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስንተነፍስ አራስ ልጅ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ከእኛ የበለጠ አየር ያስገባል፤ አየሩ የተሸከመውን ሁሉ ጨምሮ። ቧንቧውም ጠባብ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአዋቂ ቧንቧ ዙሪያውን በ1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ ከግማሽ በላዩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። 4 ሚሊ ሜትር የሆነው የሕፃን ቧንቧ በዚያው ልክ ቢያብጥ ግን አየር የሚያልፍበት ቦታ ሩቡ ብቻ ይተርፋል። ሌሊት ልጃችሁ ደረቱ እያፏጨ፣ በጎድኖቹ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ሲተነፍስ ያያችሁ እናቶች ይህን ያለ ሒሳብ ታውቁታላችሁ።

ወደ ቃሊቲ ልምጣ። ይህ አካባቢ የአዲስ አበባ የጭነት በር ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በከባድ መኪና ተጭኖ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ጉምሩኩ እዚህ ነው፤ መናኸሪያው እዚህ ነው። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹም የተተከሉት በዚሁ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከቱሉ ዲምቱ ነው። በዓመቱ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም የደቡብ መስመሩ የሚያበቃው ቃሊቲ ላይ ነው፤ እሱስ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስ የለውም። ጭሱ ያለው በናፍጣ በሚሄደው ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ባረጀው፣ ከልኩ በላይ በተጫነውና ሞተሩን ሳያጠፋ ተራ በሚጠብቀው ላይ።

የመሬቱም አቀማመጥ አይረዳንም። ከተማይቱ ከእንጦጦ ራስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ወደ አቃቂ ሜዳ እስከ 2,100 ሜትር ግድም ትወርዳለች። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርድና ከዝቅተኛው ቦታ ይተኛል። የማታው የማገዶና የከሰል ጭስ፣ የማለዳው የመኪና ጭስ ከእሱ ጋር ይተኛል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ እስኪነሳ ድረስ ጭሱ የሚቆየው ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ነው። ማለዳ ላይ ወደ ደቡብ ስታዩ አድማሱ ላይ የሚታየው ግራጫ መጋረጃ ሁልጊዜ ጉም አይደለም።

በዓይን የሚታየው አቧራ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ አብዛኛውን ግን አፍንጫና ጉሮሮ ይዘው ያስቀሩታል። እኛን ሐኪሞችን የሚያሳስበን የማይታየው ነው፤ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር ያልበለጠ ደቃቅ ብናኝ። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮ ሜትር ይጠጋል፤ አስቡት። ይህ ብናኝ አፍንጫን አልፎ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ አልፎ፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉት የአየር ከረጢቶች ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይዋጋል። ለግንባታ መዋል የነበረበት ጉልበት ለመከላከል ይውላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሮ ነበር፤ በ2021 ደግሞ መረጃው ሲጠናከር ልኩን ወደ 5 አወረደው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በሁለት ቦታ መለኪያ ተክሎ ነበር፤ አንዱ በእንጦጦ መንገድ ባለው በራሱ ግቢ፣ ሁለተኛው በኦልድ ኤርፖርት አካባቢ በሚገኝ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት። የሁለቱም ውጤት ከዚህ ልክ በርካታ እጥፍ ነበር። ሁለቱም ግን ከቃሊቲ የራቁ ነበሩ፤ አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በምዕራብ። በከተማችን ደቡብ፣ ጭነቱና ፋብሪካው ባለበት፣ የሚያድግ ልጅ የሚተነፍሰውን እነዚህ መለኪያዎች አልነገሩንም።

ይህን ስናገር በልባችሁ የሚመላለሰውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «እኛስ በጭስ ቤት አድገን የለም ወይ? ምን ሆንን?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በቁም ነገር ልመልሰው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ካሊፎርኒያ አንድ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። ከጥናቱ ባለሙያዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ኪሮስ ብርሃነ ናቸው። አየራቸው የተለያየ 12 ከተሞች ተመረጡ፤ አንዳንዶቹ ከሎስ አንጀለስ ጭስ በታች ያሉ፣ አንዳንዶቹ አየራቸው ንጹሕ የሆነ። 1,759 ልጆች ከ10 ዓመታቸው እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ ክትትል ተደረገላቸው። ልጁ በረጅሙ አየር ይስብና ባለው ኃይል ሁሉ በመለኪያው ቱቦ ውስጥ ይተነፍሳል፤ በመጀመሪያው ሰከንድ ስንት ሊትር እንዳወጣ ይመዘገባል። አብዛኞቹ ልጆች በሽተኞች አልነበሩም። ይማራሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ይሮጣሉ፤ ልክ እንደ እናንተ «ምን ሆንን?» የሚሉ ጤነኞች ናቸው። በ18 ዓመታቸው ሲለኩ ግን ደቃቅ ብናኙ አነስተኛ በሆነበት ከተማ ካደጉት ውስጥ የትንፋሽ ኃይላቸው ከሚጠበቀው 80 በመቶ በታች የሆነው 1.6 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ እጅግ በተበከለው ከተማ ካደጉት ውስጥ 7.9 በመቶ ነበሩ። አምስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም የብዙ አገር ሐኪሞችን አነጋግሯል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ አስም ይዟቸው በማያውቅ ልጆች ላይም ታይቷል።

ለጥያቄያችሁ ያለኝ መልስ ይህ ነው። አድገናል። ሳንባችን ግን ሊያድግ የሚችለውን ያህል ማደጉን ማንም ለክቶልን አያውቅም። የጎደለው በሃያ ዓመት ላይ አይታወቅም፤ ደረጃ መውጣት ሲከብድ፣ ሳል አልለቅ ሲል፣ በሃምሳና በስልሳ ዓመት ላይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው የማይድን የሳንባ ሕመም ከያዛቸው አዋቂዎች ውስጥ ግማሽ ያህሉ በወጣትነታቸው ወደ ሙሉው የሳንባ አቅም ሳይደርሱ የቀሩ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ሕመሙ የጀመረው ሲያረጁ አይደለም፤ ድሮውንም ጎድሎ ነበር የተነሡት።

ፕሮፌሰር ኪሮስ እውቀታቸውን ካሊፎርኒያ ላይ አላስቀሩትም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ጋር ሆነው ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ያቀፈ የአካባቢና የሥራ ቦታ ጤና ምርምርና ሥልጠና መርተዋል። የአየር ብክለትና የልጆች የትንፋሽ ጤና ከዋና ዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነው። የሎስ አንጀለስን ልጆች የለካው ሳይንስ የአዲስ አበባን ልጆችም እንዲለካ ያደረገ ኢትዮጵያዊ መኖሩ እኔን ያኮራኛል፤ እናንተም ልትኮሩበት ይገባል።

የካሊፎርኒያው ጥናት ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እቅፍ ላይ ስላለው ሕፃንስ ምን ይታወቃል? ብዙ ይታወቃል። በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 የተወለዱ ከ4,000 በላይ ልጆችን ከልደት ጀምሮ የተከታተለ ጥናት አለ። በመጀመሪያ ዓመታቸው ብዙ የመኪና ብክለት የተነፈሱት ልጆች በስምንት ዓመታቸው ሲለኩ ትንፋሻቸው ዝቅ ያለ ነበር። ስቶክሆልም አየሩ ከእኛ እጅግ የጸዳ ከተማ መሆኑን አትርሱ። በጋና ደግሞ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ የምግብ ማብሰያ ጭስ የተነፈሱ ሕፃናት ገና በአንድ ወራቸው ሳንባቸው ሲለካ ልዩነቱ ታይቷል። የሎንዶንን ታሪክም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1952 የድንጋይ ከሰል ጭስ ከተማዋን ለአምስት ቀናት ሸፈናት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች በዚያ ጊዜ ከአንድ ዓመት በታች የነበሩ ሰዎች ስለ ልጅነት ጤናቸው የሰጡትን መልስ መረመሩ። በልጅነታቸው አስም ይዟቸው የነበሩት ጭሱ ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው በብዙ በልጠው ተገኙ። ጭሱ የቆየው አምስት ቀን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ቤታችን የሚቀርበው የጎንደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች በማገዶ ጭስ ውስጥ የሚኖሩ የጎንደር ሴቶችንና ልጆችን አክታ ወስደው በአጉሊ መነጽር ተመለከቱ። ሳንባ ውስጥ ቆሻሻ እየዋጡ የሚያጸዱ ሕዋሳት አሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ የታየው የጥቀርሻ ጥቁር ነጥብ እንግሊዝ አገር ከሚኖሩት ሰዎች የበለጠ ነበር። ሕዋሳቱ በጥቀርሻ ከተሞሉ ደግሞ ባክቴሪያ መዋጥ ይሳናቸዋል፤ የሳንባ ምች የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂግ ተመራማሪዎች የወላዶችን እንግዴ ልጅ መርምረው ጥቁር ካርቦን ወደ ፅንሱ ዞሮ ባለው ወገን ላይ አግኝተዋል። እናት የተነፈሰችው ጥቀርሻ በደሟ አድርጎ እስከዚያ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውስጥ እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች፣ ይህ ንግግር ለእናንተም ነው።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ሁሉ ነግሬያችሁ «ልጄን እዚህ ይዤ በመቆየቴ ጎዳሁት» ብላችሁ ብትሄዱ የመጣሁበትን ዓላማ አጣሁ ማለት ነው። ልጁን ከጡታችሁ ነጥሎ መስደድ ለሳንባው አይበጀውም። የእናት ጡት ከሳንባ ምች ይጠብቃል። ልጁ በእናቱ እቅፍ መሆኑ ራሱ ጤናው ነው። መለወጥ ያለበት አየሩ ነው፤ አየርም ይለወጣል። ለዚህ ማስረጃው ያው ካሊፎርኒያ ነው። የነዳጁን ጥራትና የመኪናውን ጭስ በሕግ ሲያጠብቁ አየሩ ከዓመት ወደ ዓመት ጸዳ። ተመራማሪዎቹ በተለያዩ ዘመናት ያደጉ ሦስት ተከታታይ የልጆች ቡድኖችን አስተያዩ። በ15 ዓመታቸው ትንፋሻቸው ከልኩ በታች የሆነው በመጀመሪያው ቡድን 7.9 በመቶ ነበሩ፤ በሁለተኛው 6.3፤ በሦስተኛው 3.6። ከተሞቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚተነፈሰው አየር ብቻ ነው።

አሁን ወደዚህ ግቢ፣ እጃችን ወደሚደርስበት ነገር እንግባ።

መጀመሪያ ከሰል። ከሰል አይጨስም ይባላል፤ እውነት ነው፣ እንደ እርጥብ እንጨት ዓይን አያስለቅስም። ነገር ግን ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝና የማይታየው ብናኝ ከእሱ ይወጣል። ቡና የሚፈላ ከሆነ ደጅ ይፈላ፤ ልጅ የታቀፈች እናት ከከሰሉ አጠገብ አትቀመጥ። እጣንም እንዲሁ። እጣን ክብር አለው፣ ቤት ያሸታል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሕፃን ተኝቶ ሲጨስ ግን ለሕፃኑ ጭስ ነው። ሲጋራን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። የጥበቃ ወንድሞቼ፣ ከሴቶቹ ክፍል መስኮት ሥር የሚጨስ ሲጋራ በመስኮቱ ይገባል።

ግቢ ሲጠረግ ውሃ ይረጭ። ደረቅ መጥረጊያ የተቀመጠውን አቧራ አስነሥቶ በሚድህ ልጅ አፍንጫ ከፍታ ላይ ያንሳፍፈዋል። ቆሻሻ በግቢው ውስጥ አይቃጠል፤ ፕላስቲክ ያለበት ቆሻሻ ደግሞ ፈጽሞ። ስንቅ ይዘው የሚመጡ ጠያቂዎችን መኪና፣ ታራሚ የሚያመላልሰውንም መኪና በር ላይ ሞተሩን እንዲያጠፋ ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም። ከዚህ ሁሉ ጋር ክትባት አለ። የሳንባ ምችን የሚያመጣውን ዋና ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን በነጻ ይሰጣል። በጭስ የተዳከመ ሳንባ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ይህን ነው። የልጃችሁ የክትባት ካርድ ተሟልቶ እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ።

መስኮትን በተመለከተ ጉዳዩ አስቸጋሪ ነው፤ ለዚህ ጥቂት እቆያለሁ። የመንገዱ አቧራና ጭስ እንዳይገባ መስኮት ዝጉ ብዬ ብሄድ ሳል የሚያመጣ ሌላ አደጋ እዘጋባችኋለሁ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት የሳንባ ነቀርሳ የሚሰራጨው በታፈነ አየር ነው። ሕፃን ደግሞ ቲቢ ሲይዘው እንደ አዋቂ በሳንባው ብቻ አይቆምም፤ ወደ አንጎሉ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ መስኮቱ ይከፈት የሚል ነው። የሚከፈትበት ሰዓት ግን ይመረጥ፤ ማለዳ ጭሱ ከመሬት ሳይነሣ ሳይሆን ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ በሰፊው ይከፈት። የእናቶችና የሕፃናት ክፍል በግቢው ውስጥ ከመንገዱና ከወጥ ቤቱ በጣም የራቀው፣ ነፋስ ከወጥ ቤቱ ወደ እሱ የማይነፍስበት ይሁን። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለባት እህት ካለች ሌሎቹ ሳያፍሯት፣ እሷም ሳትደብቅ ክሊኒክ ትሂድ።

የማረሚያ ቤቱ አመራሮች፣ ከእናንተ የምጠይቀው ከበድ ያለውን ነው። ለብዙ ሰው የሚበቃ ወጥና እንጀራ በማገዶ የሚሠራበት ወጥ ቤት ጢስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ከፍ ካላለ ጭሱ ተመልሶ ወደ ግቢው ይወርዳል። ጢስ ማውጫውን ማስረዘም የመጀመሪያው ነው፤ ወደ ኤሌክትሪክ መሸጋገር ደግሞ ሁነኛው። ሁለተኛው መለካት ነው። አሁን በእጅ የሚያዙ፣ ዋጋቸው ያልከበደ የደቃቅ ብናኝ መለኪያዎች አሉ። አንዱ በሕፃናቱ ክፍል ይቀመጥና በየሰዓቱ ይመዝገብ። ክሊኒኩም በመዝገቡ ላይ ያለውን ይቁጠር፤ በየወሩ ስንት ሕፃን ሳል ይዞት መጣ፣ ስንቱ የሳንባ ምች ተባለ፣ ስንቱ ወደ ሆስፒታል ተላከ። አንድ ዓመት እንዲህ ከተመዘገበ ዩኒቨርሲቲው በደስታ አብሯችሁ ይሠራል፤ እኔም ለዚህ ዝግጁ ነኝ።

ለዚህ የሚያስገድድ ሕግ የለም የሚል ካለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን አልነጠለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2002 ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 30 ስለ ታሰሩ እናቶች ልጆች ለብቻው ይናገራል። በእናት ላይ ቅጣት ሲወሰን ከእስር ውጭ ያለ ቅጣት አስቀድሞ ይታሰብ ይላል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ለሕፃናት ሳንባ ግን ከመድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው አንቀጽ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም ልጁ ከዚህ ሲወጣ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላው አያቱ ወይም አክስቱ ትወስደዋለች። ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ገጠር ነው፤ አየሩ ንጹሕ ነው ብለን ደስ ይለናል። ሜዳው ላይ ንጹሕ ነው። በጎጆው ውስጥ፣ ምጣድ ሲጣድ ግን ከቃሊቲ መንገድ የባሰ ሊሆን ይችላል። ሳንባው ደግሞ ገና በመሠራት ላይ ነው።

ብዙዎቻችን መልሱ የተሻሻለ ምድጃ ነው ብለን እናስባለን። «ምርጥ» የሚባለው ምድጃም «ላቀች» የሚባለውም ማገዶ ይቆጥባሉ፣ ጭስ ይቀንሳሉ፣ መልካም ናቸው። ነገር ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። በአማራ ክልል ብዙ ሺህ ሕፃናትን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የተሻሻለው የእንጀራ ምድጃ የሕፃናትን የሳንባ ኢንፌክሽን በሚታይ መጠን እንዳልቀነሰ አግኝቷል። በማላዊም ከ10,000 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገው፣ በ2017 የታተመው ጥናት ውጤቱ ያው ነው። በጓቲማላ ግን ጭሱን በጢስ ማውጫ ከቤት የሚያስወጣ ምድጃ ሲሠራ ከባዱ የሳንባ ምች በሲሶ ያህል ቀንሷል። ከዚህ የምረዳው፣ ጭሱ ጥቂት ቢቀንስም በቤቱ ውስጥ ከቀረ ለሕፃን ብዙም አይበጀውም፤ ወይ ጭሱ ከቤት ይውጣ፣ ወይ ልጁ ከጭሱ ይራቅ።

ጭሱን ማስወጣት ገንዘብ ይጠይቃል። ልጁን ማራቅ ግን ዛሬ ይቻላል። ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር በስልክ የምትነጋገሩበት ተራ ሲደርሳችሁ ከሰላምታው ቀጥሎ ይህን ንገሩልኝ። እማማ ልጁን አዝለው እንጀራ አይጋግሩ። ምጣዱ ሲጣድ ታላቅ እህቱ ወይም ጎረቤት ደጅ ይዛው ትቆይ። ሌሊት እሳቱ ከሚዳፈንበት ምድጃ አጠገብ አያስተኙት፤ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት ወገን፣ ሞቅ አድርገው ሸፍነው ያስተኙት። ሳል ይዞት ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ጎድኑ ከሰረጎደ፣ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ ሌሊቱን ሳያሳድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የክትባት ካርዱንም ከልብሱ ጋር አብራችሁ ስጧቸው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።